«ይሄ የኔ አባት አይደለም!» … ፋይሉ ጠፍቶ ነው ወይስ አድራሻው ተሳስቶ?

ቅዳሜ ነው፤ ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ። ጥቁር የለበሰች ወጣት እዚሁ አዲስ አበባ፣ አንድ ፎቅ ስር ወዳለች ጠባብ የቪዲዮ ቤት ገባች። የቤቱ ባለቤት በሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ ልጅ ነው። ቀን ይቀርጻል፣ ማታ ያቀናብራል፤ የሰርግ ወራት ሲመጣማ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም።

«ወንድሜ፣ ታስታውሰኛለህ? አምና ጥር ላይ ሰርጋችንን ያነሳኸው አንተ ነህ።»

አስታወሳት። በተለይ አባቷን አልረሳቸውም። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ሙሽሮቹን ሲመርቁ ካሜራ የያዘው እሱ ራሱ እንባ ተናንቆት ነበር።

«አባዬ አምና ግንቦት ላይ አረፈ። የፊታችን እሁድ ሙት ዓመቱ ነው። አንተ ሰርተህ በሰጠኸን ቪዲዮ ላይ ምርቃቱ ጋ ዘፈን ገብቶበታል፤ ድምፁ አይሰማም። እኔ የምፈልገው ድምፁን ነው። እንዳለ፣ ሳይቆረጥ፣ ለይተህ ስጠኝ።»

«ችግር የለም እህቴ፣ ሁሉም አለ» አለና የአምናውን ሥራ ከፈተው። ግማሹ ቀይ ሆኖ መጣ። «ሚዲያው አልተገኘም» ይላል። ግማሹ ግን ደህና ነው። ምርቃቱ ያለበትን ቦታ ሲጫነው ተከፈተ። ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ።

ወጣቷ ጠጋ አለች። ዓይኗን አሻሸች።

«ማነው ይሄ ሰውዬ? … ይሄ የኔ አባት አይደለም! የኔ አባት የታለ?»

ልጁን ላብ አጠመቀው። ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ ከተሰካው ኤክስተርናል ጎን፣ መልኩም መጠኑም አንድ የሆነ ሌላ ጥቁር ኤክስተርናል ተቀምጧል። የነገውን ሰርግ ሊገለብጥበት ስላሰበ ማታ ፎርማት ሊያደርገው ያወጣው ነው። ውድ አንባቢያን፣ ይህቺን ኤክስተርናል ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ታሪኩን ያጫወተን ልጁ ራሱ ነው። ስሙ እንዳይጠቀስ ስለለመነን አንጠቅሰውም። ግን እስቲ በመጀመሪያ አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ለመሆኑ ፕሮግራም የሚባለው ነገር ፋይላችንን እንዴት ነው የሚያውቀው? የሙሽራዋን አባት በሌላ ሙሽራ አባት የሚለውጠውስ ምን ዓይነት እብደት ቢይዘው ነው?

«ከፋርማሲው ጎን ገባ ብሎ»

ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። የቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ውስጥ ቪዲዮው የለም። ሙዚቃ በሚያጫውተው ፕሮግራም ውስጥም ዘፈኑ ላይኖር ይችላል። ያለው ማስታወሻ ነው፤ «ይህ ነገር እዚህ ቦታ አለ» የሚል ማስታወሻ። ለዚህ ነው 100 ጊጋባይት የሚሆን የሰርግ ቀረጻ ይዞ፣ የፕሮጀክቱ ፋይል ግን ጥቂት ሜጋባይት ብቻ የሚሆነው።

ያ ማስታወሻ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው እኛ ቤታችንን ለእንግዳ በምንነግርበት መንገድ ነው። «ከአራት ኪሎ ወረድ ትላለህ፣ ከፋርማሲው ጎን ባለው ቅያስ ትገባለህ፣ ሰማያዊው በር ነው።» ኮምፒዩተሩም እንዲሁ ይላል፦ «ኢ ወደሚባለው ዲስክ ሂድ፣ ሰርግ የሚለው ፎልደር ውስጥ ግባ፣ ካርድ 2 የሚለውን ክፈት፣ ሲ 0001 የሚባለው ፋይል ነው።»

ይህ አቅጣጫ ነው እንጂ ማንነት አይደለም። ፋርማሲው ቢዘጋ፣ በሩ አረንጓዴ ቢቀባ እንግዳው ይጠፋል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ «ከእንትን ካፌ ፊት ለፊት» እያለ ሰው ይቀጥር የነበረ ሁሉ ምን እንደገጠመው አዲስ አበቤ አይነገረውም። ኮምፒዩተር ላይም እንደዚያው ነው። «ሰርግ» የሚለውን ፎልደር አንድ ቀን ተነስታችሁ «ሰርግ የድሮ» ብትሉት፣ ፋይሉ ቁጭ ብሎ ሳለ ፕሮግራሙ «አጣሁት» ይላል።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ስሙ። ማስታወሻው በተናገረው ቦታ ላይ ሌላ ሰው ገብቶ ቢኖርስ? እንግዳው በሩን አንኳኩቶ ይገባል፤ የማያውቀውን ሰው «እንደምን ሰነበቱ» ይላል። ጠፍቶ መቅረት አንድ ነገር ነው፤ የሰው ቤት ገብቶ የራስ መስሎ መቀመጥ ግን ሌላ ነው።

ፊደሉ የወረፋ ቁጥር ነው

ዊንዶውስ ላይ ዲስኮች በፊደል ይጠራሉ። ለምን ከ«ሲ» እንደሚጀምር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? «ኤ» እና «ቢ» ለፍሎፒ ዲስክ የተያዙ ስለነበሩ ነው። ፍሎፒው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ቦታው ግን እስከዛሬ በስሙ ተይዞለት ይኖራል።

ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ስትሰኩ የሚሰጠው ፊደል ባንክ ቤት በር ላይ እንደሚሰጥ የወረፋ ቁጥር ነው። ዊንዶውስ ቀደም ብሎ የሚያውቀውን ዲስክ የድሮ ፊደሉን ሊመልስለት ይሞክራል። ነገር ግን ያን ፊደል ቀድሞ የገባ ሌላ ዲስክ ይዞት ከሆነ ቀጣዩን ክፍት ፊደል ይሰጠዋል። ትናንት «ኢ» የነበረው ዛሬ «ኤፍ» ይሆናል። ሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ስትሰኩትማ ጨርሶ ሌላ ፊደል ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ዲስኩ የራሱ የሆነ መለያ የለውም? አለው እንጂ! ዊንዶውስ ላይ ዲስክ ፎርማት ሲደረግ የራሱ መለያ ቁጥር ይጻፍበታል። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታችሁ «ቮል» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ብትጽፉ፣ በሰረዝ ለሁለት የተከፈለ 8 ሆሄና አሃዝ ያሳያችኋል። ያ ነው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ዩዩአይዲ የሚሉት ረዘም ያለ መለያ አለ፤ በተለመደው መልኩ 128 ቢት፣ ሲጻፍ ከነሰረዙ 36 ምልክት ነው። ሊኑክስ ሲነሳ ዲስኮቹን በገቡበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በዚህ መለያ እንዲፈልጋቸው ማድረግ የተለመደው ለዚሁ ነው፤ የወረፋ ቁጥር አይታመንማ!

ልብ በሉ፦ ለዲስኩ እኛ የምንሰጠው ስም መለያ አይደለም። አንድ ቢሮ ውስጥ «ኒው ቮሊዩም» የሚባሉ አምስት ዲስኮች ቢኖሩ ምንም የሚከለክላቸው የለም።

ፋይልም መታወቂያ አለው

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ፋይልም እንደ ዲስኩ ከስሙ ሌላ የራሱ ቁጥር አለው።

እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ የሠሩት ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት ነገሩን በግልጽ ለያይቶታል። የፋይሉ ስም የሚገኘው ፋይሉ ውስጥ አይደለም፤ ፎልደሩ ውስጥ ነው። ፎልደር ማለት ስምና ቁጥር ጎን ለጎን የተጻፈበት መዝገብ ነው። ቁጥሩ አይኖድ ይባላል። የፋይሉ መጠን፣ ቀኑና ዲስኩ ላይ የተኛበት ቦታ የሚታወቀው በዚያ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጣው ኤንቲኤፍኤስም ለእያንዳንዱ ፋይል ቁጥር ይሰጣል። እንደ ፋይዳ ቁጥር ቁጠሩት። ሰፈር ብትቀይሩ፣ ብታገቡ፣ የቁልምጫ ስም ቢወጣላችሁ ቁጥሩ ያው ነው።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ እቤታችሁ ሞክሩት። 40 ጊጋባይት የሆነ ፊልም እዚያው ዲስክ ላይ ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ከት አድርጋችሁ ፔስት በሉት። ዓይን ሳትጨፍኑ ያልቃል። ለምን? ፊልሙ ከተኛበት አልተነሳም! አንዱ መዝገብ ላይ ስሙ ተሰርዞ ሌላው መዝገብ ላይ ተጻፈ፤ በቃ። ያንኑ ፊልም ወደ ፍላሽ ውሰዱት፤ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ሊቆይ ይችላል። ምክንያቱም ወደ ሌላ ዲስክ መሄድ ማለት አዲስ ቅጂ ተሠርቶ የድሮው ይሰረዛል ማለት ነው። የሄደው ፋይል አዲስ ቁጥር ያለው አዲስ ፋይል ነው። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ማኪንቶሽ ኮምፒዩተሮች እ.ኤ.አ. በ1991 ሲስተም 7 ሲወጣ «ኤልያስ» የሚባል ነገር አመጡ። የኛን ኤልያስ እንዳይመስላችሁ፤ ወደ ዋናው ፋይል የሚጠቁም ምልክት ነው። የሚይዘው አቅጣጫውን ብቻ አልነበረም። የፋይሉን ቁጥርና የዲስኩን መለያ ጭምር ይይዝ ነበር። ፋይሉን ሌላ ፎልደር ውስጥ ብትከቱት፣ ስሙን ብትቀይሩትም ያገኘዋል። የዊንዶውስ ሾርትከት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 መጣ። በዊንዶውስ 2000 ላይ በኤንቲኤፍኤስ ዲስኮች መካከል የተዛወረን ፋይል የሚከታተል አገልግሎት ተጨመረለት።

መታወቂያም ያሳስታል

«እንግዲያው ፕሮግራሙ ሁሉ ቁጥሩን ብቻ ይዞ አይገላገልም?» ትሉ ይሆናል። ወዳጆቼ፣ ቁጥርም ጉድ አለበት።

አንደኛ፣ ቁጥሩ የሚሠራው እዚያው ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ ዲስክ ላይ ያንኑ ቁጥር የያዘ ሌላ ፋይል አለ። ስለዚህ የዲስኩ መለያ አብሮ ካልተያዘ ቁጥሩ ብቻውን ዋጋ የለውም።

ሁለተኛ፣ ቁጥር ይከራያል። ፋይል ሲሰረዝ ቁጥሩ ለሌላ ይሰጣል፤ ተከራይ ሲወጣ ሌላ ተከራይ እንደሚገባው። ኤንቲኤፍኤስ ይህን ስለሚያውቅ 64 ቢት ከሆነው ቁጥር 48ቱን ለቦታው፣ 16ቱን ደግሞ ለተከራዩ ተራ ቁጥር አድርጎታል። ስንተኛው ተከራይ እንደሆነ እንዲለይ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ሴቭ ስታደርጉ የሚሆነውን አታዩትም። ብዙ ጠንቃቃ ፕሮግራሞች በአሮጌው ላይ አይጽፉም። አዲስ ፋይል ጎን ላይ ይጽፉና ሲያልቅ የድሮውን ስም ያወርሱታል። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ የድሮው እንዲተርፍ ነው። መብራት ለሚመላለስበት ሰፈር እሰየው ነው! ግን ስሙ ያው ሆኖ ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል። በቁጥር ብቻ የሚፈልግ ፕሮግራም ያን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል።

አራተኛ፣ ዲስክን እንዳለ ከነነፍሱ የሚገለብጡ ፕሮግራሞች አሉ። የዲስኩን መለያ ጭምር ስለሚገለብጡ፣ አንድ መታወቂያ የያዙ መንታዎች ይወለዳሉ። የቱ ዋናው፣ የቱ ቅጂው? ኮምፒዩተሩም ግራ ይገባዋል።

አምስተኛ፣ የፍላሽ ነገር። ፍላሾች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ፋት 32 ወይም ኤክስፋት በሚባል አሠራር ተዘጋጅተው ነው። እነዚህ ለፋይል ቋሚ ቁጥር አይሰጡም። በእነሱ ላይ ፕሮግራሙ ያለው አቅጣጫና ስም ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ አስተማማኝ ፕሮግራም ምን ያደርጋል? የአገራችን ሽማግሌ የሚያደርገውን! በአንድ ምስክር አይፈርድም። አቅጣጫውን ይይዛል፣ ቁጥሩን ከዲስኩ መለያ ጋር ይይዛል፣ መጠኑንና የተፈጠረበትን ቀን ይመዘግባል። አንዳንዱ የፋይሉን ይዘት አስልቶ የጣት አሻራ የመሰለ ቁጥር ያወጣለታል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራውና የፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚወዱት ጊት፣ ያስቀመጠውን ነገር የሚለየው በዚህ አሻራ ነው። ምስክሮቹ ከተስማሙ ፋይሉን ይከፍታል። ካልተስማሙ ይቆማል፤ ባለቤቱን «ይሄ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አይደል የሚባለው!

«ቤት የለም» እና «የለም»

ሌላም አለ። ጎረቤት ሄዳችሁ «እማማ አሉ?» ስትሉ «ቤት የሉም» እና «የሉም» የሚሉት መልሶች የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አንዱን ሰምታችሁ ማታ ትመለሳላችሁ፤ ሌላውን ስትሰሙ ግን ጉልበታችሁ ይከዳችኋል።

ደካማ ፕሮግራም ይህን አይለይም። ኤክስተርናሉ ስላልተሰካ ብቻ «ፎቶዎቹ የሉም» ብሎ ከዝርዝሩ ያወጣቸዋል። ስንት ወር የለፋችሁበት አልበም፣ የጻፋችሁበት ማስታወሻ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ጥሩው ግን «ዲስኩ አልተሰካም» ይላል፤ ስማቸውን አደብዝዞ ባለቤታቸው እስኪመጣ ይጠብቃል። እናንተም ከመደንገጣችሁ በፊት የቱ እንደሆነ ጠይቁ፦ ቤት የለም ወይስ የለም?

ቀስቷን ይዛ የሄደችው ተማሪ

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያጋጠማትን ደግሞ ላውጋችሁ። የመመረቂያ ጽሑፏን ማስረከቢያ ቀን ጠዋት፣ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ምልክት ኮፒ አድርጋ ፍላሿ ላይ አስቀመጠች። ላፕቶፑን እቤት ትታ ማተሚያ ቤት ሄደች። ሲከፈት እምቢ! ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያለው ልጅ «እህቴ፣ ይሄ እኮ 2 ኪሎባይት ነው፤ ውስጡ ምንም የለም» አላት። ኮፒ ያደረገችው ጽሑፉን ሳይሆን ሾርትከቱን ነው። እዚያች ምልክት ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀስት ልብ አላለቻትም። ቤቱን ይዤ መጣሁ ብላ የያዘችው አቅጣጫ የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ነበር። ታክሲ ተሳፍራ ተመልሳ እስክትመጣ ስድስት ሰዓት ሆነ። ደግነቱ አስተማሪዋ ታገሧት።

በየኢንተርኔት ካፌው ስማችንን ያጠፋው «የሾርትከት ቫይረስ»ም ሥራው ይኸው ነበር። እውነተኛ ፋይሎቻችንን ይደብቅና በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ስንጫነው ቫይረሱ ይነሳል። ስንቱ ሰው «ፋይሌ ሾርትከት ሆነ» ብሎ ፍላሹን ፎርማት አደረገ! ፋይሉ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ተደብቆ ቁጭ ብሎ ነበር። የአድራሻ ማታለል እንጂ ሞት አልነበረም።

ወደ ቪዲዮ ቤቱ እንመለስ

ልጁ ያን ዕለት ያሰበው «በቃ፣ የአምናውን ሰርግ በሌላ ሰርግ ደርቤበታለሁ» ብሎ ነው። የተሰካው ዲስክ የአምናው ጥር ሰርግ ያለበት መስሎታል። የጠረጴዛው ላይ ኤክስተርናል ደግሞ ለእሱ ሥራው ያለቀ፣ ፎርማት የሚደረግ ዲስክ ነው። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ስታለቅስ ግራ ሲገባው፣ ኮምፒዩተር የሚጠግን ጎረቤቱን ጠራው። በዕድሜ ጠና ያለ፣ ነገር የማይቸኩል ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆንኩልህ» አለ ልጁ።

«ቆይ ቆይ፤ መጀመሪያ ምንም አትንካ። ሴቭም አታድርግ። ሌላ ዲስክ አለህ?»

«አለ፤ እሱ ግን ባዶ መሆን አለበት። ማታ ፎርማት ላደርገው ነው።»

«መሆን አለበት ነው ወይስ ነው?»

ልጁ ዝም አለ። ሰውየው መጀመሪያ የተሰካው ዲስክ ላይ ያለውን ሲ 0001 የተቀረጸበትን ቀን አየ። ከፋሲካ በኋላ፣ አምና ሚያዝያ ነው። «እህቴ፣ ሰርግሽ መቼ ነበር?» «ጥር» አለች። «በይ እንግዲያው አባትሽ እዚህ ዲስክ ላይ አይደሉም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ለሁሉም ሰርግ የሚከፍተው ፎልደር አንድ ዓይነት ነው፦ ሰርግ፣ ካርድ 1፣ ካርድ 2። ካሜራው ደግሞ አዲስ ካርድ ሲገባለት ከ0001 ይጀምራል። የሁለቱም ሰርግ ምርቃት ካርድ 2 ላይ፣ ሲ 0001 ላይ ወደቀ። የጥሩ ሰርግ የነበረበት ዲስክ አምና «ኢ» ነበር። ዘንድሮ «ኢ»ን የያዘው የሚያዝያው ዲስክ ነው። ፕሮግራሙ አቅጣጫውን ተከትሎ ሄደ፣ በሩን አንኳኳ፣ የከፈቱለትን አዛውንት «አባቷ ናቸው» ብሎ አመጣቸው። መጠን አላመሳከረ፣ ቀን አላየ፣ የዲስክ መለያ አልጠየቀ። ቀይ የሆኑት ደግሞ በሚያዝያው ዲስክ ላይ ተመሳሳይ ስም ያላገኘላቸው ናቸው።

ሰውየው የተሰካውን በሥርዓቱ አስነቅሎ የጠረጴዛውን ሰካ። «ኢ» የሚለውን ፊደል ሰጠው። ፕሮጀክቱ ሲከፈት አንድም ቀይ አልነበረበትም።

ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ «ውለዱ፣ ክበዱ…» አሉ አባቷ።

ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ያቺ ለማታ ፎርማት የተቀጠረች ጥቁር ኤክስተርናል ናት ይህን ሁሉ የያዘችው! ልጅቷ እየሳቀች ታለቅሳለች። ልጁም ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «የዚያን ዕለት ማታ ደንበኛዋ ሰኞ ብትመጣ ኖሮ እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ» ይላል።

ምን እናድርግ?

ከባለሙያው ሰምተን፣ እኛም አመሳክረን፣ ለእናንተ የሚበጀውን እንዲህ ሰብስበነዋል።

1. ለኤክስተርናላችሁ ቋሚ ፊደል ስጡት። ዊንዶውስ ላይ «ዲስክ ማኔጅመንት» ገብታችሁ ዲስኩን በቀኝ ተጭናችሁ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር» በሉ። ከፊደሉ መጨረሻ አካባቢ ያለ ምረጡ፤ ፍላሽ ተሽቀዳድሞ አይዘውም። ይህ የሚሠራው በእናንተ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ እንደሆነ አትርሱ።

2. ዲስኩን በስም ጥሩት፤ ላዩ ላይም ወረቀት ለጥፉበት። ሁለቱ አንድ ይሁኑ። በሚለቅ ብዕር አትጻፉ።

3. ፎልደሩን በቀንና በባለቤቱ ሰይሙ። «ሰርግ» ብቻ ብሎ ስም የለም። የፋይል ስም መቀየር ካስፈለገ ፕሮግራሙ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይሁን።

4. ከገባ በኋላ ከፋይሎቹ ቦታ አታንቀሳቅሱ። የግድ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ማዛወሪያ ካለው በእሱ አዛውሩ፤ ማስታወሻውንም አብሮ ያስተካክላል።

5. ኮፒ ያደረጋችሁትን ሳትከፍቱ ከቤት አትውጡ። ቀስት ካለበት፣ መጠኑም አንድና ሁለት ኪሎባይት ከሆነ የያዛችሁት ሾርትከት ነው።

6. «አልተገኘም» ሲላችሁ አትሰርዙ፣ ሴቭ አታድርጉ፣ ፎርማት አታድርጉ። በቅደም ተከተል ጠይቁ፦ ዲስኩ ተሰክቷል? ፊደሉ የድሮው ነው? የፎልደሩ ስም ተቀይሯል? ከዚያ በኋላ ብቻ ለፕሮግራሙ አዲሱን ቦታ አሳዩት።

7. ፕሮግራሙ «አገኘሁት» ሲላችሁም አትመኑት። ቀኑንና መጠኑን እዩ። ከፍታችሁ ተመልከቱ።

8. ፍላሽና ኤክስተርናል ስትነቅሉ መጀመሪያ አስወጡት። በተለይ እየተጻፈበት ያለ ዲስክ ከተነቀለ መዝገቡ ራሱ ሊበላሽ ይችላል።

9. በስህተት የሰረዛችሁት ነገር ካለ ያን ዲስክ ወዲያው መጠቀም አቁሙ። ፋይል ሲሰረዝ በመጀመሪያ የሚፋቀው መዝገቡ ላይ ያለው ስሙ ነው። በሃርድ ዲስክና በፍላሽ ላይ ይዘቱ ሌላ እስኪጻፍበት ሊቆይ ስለሚችል ለባለሙያ ተስፋ አለው። ኤስኤስዲ በሚባሉት ላይ ግን ተስፋው አነስተኛ ነው።

10. ሁለተኛ ቅጂ ይኑራችሁ፤ ሌላ ዲስክ ላይ፣ ከተቻለም ሌላ ቤት። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

ያ የቪዲዮ ቤት ልጅ ዛሬ ዲስክ ፎርማት ከማድረጉ በፊት ይሰካዋል፣ ይከፍተዋል፣ ውስጡን ያያል። በሩ ላይም «ከማጥፋትህ በፊት ማን እንደሆነ ጠይቅ» ብሎ ለጥፏል። ሙሽራዋ ደግሞ የአባቷን ድምፅ ሦስት ቦታ አስቀምጣለች፤ አንዱ እሷ ጋ፣ አንዱ ወንድሟ ጋ፣ አንዱ እናቷ ቤት ቡፌው መሳቢያ ውስጥ።

እናንተስ? ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ዛሬውኑ ተነሱ። ያቺን ለዓመታት ያልከፈታችኋትን ኤክስተርናል ሰክታችሁ ማን እንዳለባት እዩ። መልካም ሰንበት!